የጣና ጭቃ በሰው አገር ሚዛን፦ «የጣና ጭቃ ይመሰክራል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የጣና ጭቃ ይመሰክራል» የሚል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ያላነበበ ካለ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ጸሐፊው ከሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ጭቃ አስቆፍረው አስመርምረዋል። ክሮሚየም፣ ኒኬልና መዳብ «ከዓለም አማካይ» በልጠው ተገኝተዋል፤ ጥፋተኛው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው ይላሉ። እርሳስ ግን ከአማካዩ በታች ስለሆነ አያሳስብም። በግልገል ዓባይ መግቢያ በኩል ያለው ጭቃ ከከተማው ጭቃ ያነሰ ብረት ስላለበት ገጠሩ ንጹሕ ነው። ደለሉ እንደ ዛፍ ቀለበት በየዓመቱ አንድ አንድ ሴንቲሜትር ስለሚደራረብ ብክለቱ የጀመረበትን ዓመት ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል። ዓሣውን መብላት ይቅር፤ መፍትሔው ጭቃውን ዝቆ ማውጣት ነው።

ለጣና መቆርቆራቸውን አከብራለሁ። እኔ እንጅባራ ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ጽሑፉ ተማሪዎቼ እጅ ገብቶ «መምህር፣ እውነት ነው ወይ?» እያሉ ስላስቸገሩኝ ነው ለመጻፍ የተነሣሁት። በጽሑፉ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወለዳል። ለጣና ጭቃ ዳኛው የጣና የራሱ የታችኛው ጭቃ ነው፤ ፋብሪካም መኪናም ማዳበሪያም ሳይኖር የተቀመጠው። ጸሐፊው ይህን ዳኛ ሳይጠሩ ፈረዱ። በዚህም የተነሣ ምንም ላይኖር በሚችልበት ቦታ እሪ አሉ፤ ልብ ማለት በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ «ተረጋጉ» አሉን።

ከ«ዓለም አማካይ» ልጀምር። ጽሑፉ ከየት እንዳመጣው አይነግረንም፤ ቁጥሮቹ ግን ለሚያውቃቸው ያስታውቃሉ፦ በአንድ ኪሎግራም ክሮሚየም 90፣ ኒኬል 68፣ መዳብ 45፣ ዚንክ 95፣ እርሳስ 20 ሚሊግራም። ካርል ቱሬኪያንና ካርል ዌዴፖል የተባሉ የጂኦኬሚስትሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ሠንጠረዥ ላይ «ሼል» ለሚባለው፣ ጭቃ ተጠቅጥቆ ለሚሠራው ድንጋይ የሰጧቸው አማካዮች ናቸው። ጥሩ ሠንጠረዥ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይሠራበታል። ነገር ግን ጎጃም የሼል አገር አይደለችም።

የጎጃም ድንጋይ ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰንጥቃ የፈሰሰው ቅልጥ ዓለት ነው ደርብ በደርብ የተነጠፈው። ጮቄ በዚያ ላይ በኋላ የተነሣ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከጣና በስተደቡብ እስከ እንጅባራ ያለው ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ዕድሜ አለው። እነዚያው ሁለት ሊቃውንት በዚያው ሠንጠረዥ፣ ሌላ ዓምድ ላይ የባዛልትን አማካይ አስቀምጠዋል፦ ክሮሚየም 170፣ ኒኬል 130፣ መዳብ 87፣ ዚንክ 105፣ እርሳስ 6። ጸሐፊው ዓይናቸውን ትንሽ ወደ ጎን ቢያሻግሩ ኖሮ ጽሑፉ ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ክሮሚየሙ፣ ኒኬሉና መዳቡ ከሼል አማካይ መብለጣቸው የፋብሪካ ምልክት ላይሆን ይችላል፤ ከባዛልት አፈር የሚጠበቅ ነውና። በዚያ ላይ ቀዩ አፈራችን ለብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብ ያጠበው ነው። ውሃ የሚሟሟውን ካልሲየምና ሶዲየም ጠርጎ ሲወስድ፣ እንደ ክሮሚየም ያለው ለመሟሟት አሻፈረኝ የሚለው በቀረው አፈር ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሰው እጁን ሳያስገባበት ማለት ነው።

በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የወሰድሁት እንጂ የማንም ልኬት አይደለም። አንድ የጣና ጭቃ ክሮሚየሙ 160፣ እርሳሱ 14 ሆነ እንበል። በሼል ሚዛን ክሮሚየሙ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው፣ እርሳሱ ግን ከአማካዩ በታች ነው፤ «ክሮሚየም መረዘን፣ እርሳስ ሰላም ነው» እንላለን። በባዛልት ሚዛን ክሮሚየሙ ከሚጠበቀው ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፣ እርሳሱ ግን ከሚጠበቀው ከእጥፍ በላይ ነው። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ። ጽሑፉ የሆነው ይህ ነው ብዬ እፈራለሁ።

የባዛልት ዓምድም ቢሆን የመጨረሻው ዳኛ አይደለም፤ ባዛልት ከባዛልት ይለያያል፣ ሐይቅም አፈሩን ሁሉ እኩል አይቀበልም። የደቀቀው ሸክላ ብረት ይይዛል፣ አሸዋ አይይዝም። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ብረቱን ብቻውን አያነቡም፤ በአሉሚኒየሙ መጠን ያካፍሉታል። አሉሚኒየም የሸክላው መለኪያ ነው፤ ብክለት እምብዛም አይነካካውም። ያንን ድርሻ ደግሞ ከዚያው ሐይቅ ከጥልቁ ከወጣ አሮጌ ጭቃ ድርሻ ጋር ያነጻጽሩታል። ውጤቱ 1 አካባቢ ከሆነ ብረቱ ከአገሩ ድንጋይ የመጣ ነው፤ 2 እና 3 እያለ ሲወጣ ነው «ይኼ ከየት መጣ?» የሚባለው። ጽሑፉ ውስጥ አሉሚኒየም የሚባል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ስለ ፋብሪካው ብዙ አልልም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ የጀመረ ነው፤ ያለውም ውሃው ከሐይቁ ከወጣ በኋላ በዓባይ ዳር ነው። የፍሳሹ ጉዳይ በዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የተጠና፣ በእርግጥም ሊጠየቅበት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ የሚጠየቀው ግን ለዓባይ ነው፣ ከታች ላለው ሰውና ከብት። ዓባይ ወደ ኋላ አይፈስም። ወደ ሐይቁ የሚገባው የከተማው ነገር ሌላ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎዳናውን፣ ጋራዡን፣ የብየዳ ቤቱን ጓሮ አጥቦ በየቦዩ የሚወርደው ጎርፍ። ጭስ ማውጫ ስለሌለው ፎቶ አይነሣም፤ ጽሑፉም ረስቶታል።

አሁን «አያሳስብም» ወደተባለው እርሳስ ልምጣ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጻፈኝ ይህ ነው።

እርሳስ ሰው ዓለምን ሲበክል ከቆየባቸው ብረቶች ሁሉ ታሪኩ በደንብ የተነበበው ነው፤ የተነበበውም በአብዛኛው ከበረዶና ከሐይቅ ጭቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንግማር ሬንበርግና ባልደረቦቹ ከስዊድን ሐይቆች በወጣ ደለል ውስጥ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረውን የግሪክና የሮማ ዘመን የብር ማቅለጫ ጭስ አገኙት። የማቅለጫ ምድጃው ደቡብ አውሮፓ፣ ምስክሩ ጫካ ውስጥ የተቀመጠ የሰሜን ሐይቅ! በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 እስከ ልደት በኋላ 300 ባለው ጊዜ እርሳስ ከተፈጥሮው መጠን ወደ አራት እጥፍ ከፍ ብሎ እንደነበር አሳየ። ከእነሱም ቀደም ብሎ ክሌር ፓተርሰን ነበር፤ የመሬትን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ የለካው ሰው። ድንጋዩን ሲለካ ላቦራቶሪው፣ አቧራው፣ የገዛ እጁ ሳይቀር በእርሳስ የተበከለ መሆኑ አስቸገረው፤ ያንን ሲከታተል ነው ዘመናዊው ዓለም በሙሉ ከቤንዚን በሚወጣ እርሳስ መሸፈኑን የደረሰበት።

ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1923 አሜሪካ ውስጥ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው እስከ 2005 መጨረሻ ለማስወገድ ተስማሙ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው «እንግዲህ አለቀ» ይላሉ። የቤንዚኑ አለቀ፤ እርሳሱ ግን አያልቅም። እንደ ተባይ መርዝ አይፈራርስም፣ እንደ ዘይት በባክቴሪያ አይበላም፤ ካለበት አፈር ከጎርፉ ጋር እየተነሣ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በቤንዚኑ ቦታ የተተካም አለ። የመኪና ባትሪ፣ የሶላር ባትሪ፣ የባጃጅ ባትሪ ሁሉ እርሳስ ነው፤ ያረጀውን ሰብሮ አሲዱን ቦይ ላይ የሚደፋ ሰው ያላየ ከተሜ የለም። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (በአንድ ኪሎግራም 90 ሚሊግራም) የሚገድብ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው በርና አጥር አሁንም እየተላጠ ነው።

እርሳስ ደግሞ ሌላው ብረት የሌለው መታወቂያ አለው። አራት የተረጋጉ አይሶቶፖች፣ ማለትም ክብደታቸው የሚለያይ የእርሳስ ዓይነቶች አሉት፤ 204፣ 206፣ 207 እና 208። ሦስቱ ዩራኒየምና ቶሪየም እየፈራረሱ ስለሚጨምሩ ድርሻቸው ማዕድኑ እንደወጣበት ቦታና ዕድሜ ይለያያል። የአውስትራሊያው የብሮክን ሂል ማዕድን 206ቱ በ207ቱ ሲካፈል ድርሻው 1.04 አካባቢ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ለቤንዚን የዋለው እርሳስ ከፊሉ ከዚያ የመጣ ስለነበር በአውሮፓ ሐይቆች ጭቃ ላይ ምልክቱን ጥሏል። የጎጃም ባዛልት ዕድሜው ትንሽ ስለሆነ ድርሻው ከዚህ ከፍ ይላል። ስለዚህ የጣና ጭቃ እርሳስ ከራሳችን ድንጋይ ይሁን ከመርከብ የወረደ፣ የመጠን ቁጥር ባይናገር እንኳ አይሶቶፑ ይናገራል። «ከ20 ያንሳል፣ ተረጋጉ» ብሎ ማለፍ የሚመጣው ይህን ሁሉ ባለማየት ነው። ሕፃን ልጅ ላይ እርሳስ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም።

ወደ ዛፍ ቀለበቱ። ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ክረምትና በጋ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ደለል የሚጥልባቸው፣ ዓመቱን ቆጥረው የሚነግሩ ሐይቆች አሉ። ጣና ግን ከእነዚህ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎሜትር በላይ፣ አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር የማይሞላ፣ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሜዳ ሐይቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ታች ድረስ ይደርሳል፤ የተነቀነቀ የጠላ ጋን አተላው እንደሚነሣ የላይኛው ደለል ተነሥቶ ይደባለቃል። የዘንድሮውና የካቻምናው ጭቃ አንድ ላይ ሆኖ እንደገና ይቀመጣል።

«በዓመት አንድ ሴንቲሜትር» የሚለውም አይሠራም። በሄንሪ ላምብ የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት ከጣና መካከል 10 ሜትር ገደማ ደለል አውጥቶ፣ ሐይቁ የዛሬ 16,700 ዓመት አካባቢ መሙላት ከመጀመሩ በፊት ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። እስቲ ይካፈል፦ 10 ሜትር ለ17,000 ዓመት ሲካፈል በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር በታች፣ 0.6 ገደማ ይመጣል። አንድ ሴንቲሜትር የአንድ ዓመት ሳይሆን በአማካይ የ16 እና የ17 ዓመት ነው ማለት ነው። በቅርቡ ዘመን አፈሩ ይበልጥ ስለሚታጠብ ፍጥነቱ ከአማካዩ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም፤ በወንዝ አፍ ላይ ደግሞ አንድ ክረምት ብቻ ብዙ ሴንቲሜትር ሊጥል ይችላል። ለዚህም ነው ፍጥነቱን መለካት እንጂ መገመት የማይቻለው።

መለኪያው አለ። ዓለት ውስጥ ያለው ዩራኒየም እየፈራረሰ ሬዶን የተባለ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ከመሬት ወጥቶ አየር ላይ ይፈራርስና እርሳስ-210 ይሆናል፤ በዝናብ ይወርዳል፣ በጭቃው ይቀበራል፣ በየ22 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። በየደረጃው ምን ያህል እንደቀረ ከተለካ ያለፈውን 100፣ ቢበዛ 150 ዓመት ማንበብ ይቻላል። ሁለተኛው ምስክር ሴሲየም-137 ነው፤ በአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ወደ ሰማይ የተረጨ፣ ተፈጥሮ የማታውቀው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ብቅ ይላል፣ በ1963 ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በአየር ላይ መሞከርን የሚከለክለው ስምምነት ሲፈረም ይወርዳል። ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ስለሆነ ከዚያን ጊዜው የቀረው ሩብ ያህል ነው፤ ወደ እኛ ኬክሮስ የወረደውም ከአውሮፓ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ጫፉ በእኛ ጭቃ ደብዘዝ ይላል፤ ለማግኘት ትዕግሥትና ጥሩ መሣሪያ ይጠይቃል። ሁለቱ ሲስማሙ ዕድሜው ይታመናል። ጸሐፊው አንዱንም አልለኩም፤ «ብክለቱ በደርግ ጊዜ ጀመረ» ያሉት ሴንቲሜትር ቆጥረው ነው።

ናሙናው የወጣበት ቦታም ያሳዝናል። ዳርቻ! የጣና ዳርቻ ይሄዳል፣ ይመጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ ላይ ያለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራ ወዲህ የውሃው ከፍታ በመዝጊያው ይወሰናል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሐይቁ እጅግ ወርዶ ጀልባ መሄድ አቅቶት ነበር። ውሃው ሲሸሽ የሚገኘውን ባሕር ሸሽ መሬት ገበሬው ያርሰዋል፤ ሲመለስ ውሃው ይሸፍነዋል። በሬ የረገጠው፣ ማረሻ የገለበጠው፣ ማዕበል ያጠበው ጭቃ «ከላይ አዲስ፣ ከታች አሮጌ» ሊባል አይችልም።

በአካፋ ማውጣታቸውን ፎቶው ያሳያል። ደለል ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁና ልዩነቱን ልንገራችሁ። ጀልባ ላይ ሆነው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥ አድርገው ይለቁታል፤ በክብደቱ ይሰምጣል፤ ሲወጣ ከጭቃው በላይ አንድ ስንዝር የጠራ ውሃ መቅረት አለበት። ውሃው ከደፈረሰ የላይኛው ጭቃ ተነቅንቋል፣ ይጣላል። የላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር ቡናማና ለስላሳ ነው፤ ቱቦውን ዘንበል ሲያደርጉት አብሮ ይዘነበላል። ወደ ታች ሲሄድ ይጠቁራል፣ ይጠብቃል፣ ሲቆረጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሸታል። ከሥር እየገፉ ከላይ በስስ በስሱ ይቆርጡታል፤ ቢላዋው ፕላስቲክ ነው። ምክንያቱም የማይዝግ የሚባለው ብረት ውስጥ ክሮሚየምና ኒኬል አለ፤ ጋልቫናይዝድ ባልዲ ደግሞ በዚንክ የተለበጠ ነው! ከእያንዳንዱ ቁራጭ ዙሪያውን ጠርበው ይጥላሉ፤ ቱቦው ሲወርድ የላዩን ጭቃ ወደ ታች ስለሚጎትት። ጸሐፊው ያስጨነቃቸውን ክሮሚየም ምን በመሰለ አካፋ እንዳወጡት ብጠይቅ ነገር ፈላጊ የምባል አይመስለኝም።

ማንጋኒዝም ከላይ በዝቶ መገኘቱን እንደ ማስረጃ አቅርበውታል። ማንጋኒዝና ዝገት የሚሆነው ብረት (አይረን) ጭቃ ውስጥ አይረጉም። ኦክስጅን በሌለበት ጥልቀት ይሟሟሉ፣ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ኦክስጅን ሲያገኙ ዝገት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አርሴኒክንም ይዘው ይወጣሉ። ማንም ሳይበክል ከላይ ይበዛሉ። ይህ ነጥብ እዚህ ላይ ያበቃል።

ግልገል ዓባይን በተመለከተ ያሉት ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ጎጃም ራሱ ነው የተነሣው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግልገሉ ግን ማደሪያ አለው፤ ጣና ነው። ከሰከላ ተነሥቶ የምዕራብ ጎጃምን አፈር ሰብስቦ ቁንዝላ አካባቢ ያራግፈዋል፤ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ነው። በሐምሌ በወተት ዓባይ ከተማ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ስለ መጠኑ ቁጥር አያስፈልገውም፤ ውሃው ቀይ ነው፣ ዳሩ ላይ የቀረው አረፋም ቀይ ነው።

ጸሐፊው በወንዙ አፍ የተገኘው ጭቃ በኪሎግራም ያነሰ ካድሚየምና እርሳስ ስላለበት «ገጠሩ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ገበሬውን ከክስ ማዳን ደግ ነው፤ ሒሳቡ ግን ተሳስቷል። በኪሎግራም ያለው መጠን አንድ ነገር ነው፣ በዓመት ወደ ሐይቁ የሚገባው ጠቅላላ ጭነት ሌላ ነገር ነው። ብዙ አፈር ጥቂቱን ብረት ያሳንሰዋል። መጠኑ በግማሽ ቢቀንስ፣ የሚወርደው ጭቃ ግን አራት እጥፍ ቢሆን፣ የብረቱ ጭነት በእጥፍ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ ደለል የሚያነብ ሰው መጠኑን በደለሉ ፍጥነት ያባዛዋል፤ ፍጥነቱ ካልተለካ ደግሞ፣ ከላይ እንዳልሁት፣ የሚባዛበት ነገር የለም።

ዳፕ የሚባለውን የፎስፌት ማዳበሪያ ስናመጣ ደግሞ ፎስፌት ከተቆፈረበት ድንጋይ ጋር ካድሚየምና ዩራኒየም በጥቂቱ አብረው ይመጣሉ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በፎስፌት ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ካድሚየም በአንድ ኪሎግራም ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ 60 ሚሊግራም ላይ ገድበዋል። ጎጃም ማዳበሪያን በብዛት ከሚጠቀሙ አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህ ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም፤ የሚዘራበትን እሱ አልፈበረከውም። የባዛልት ካድሚየም ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ 0.2 ሚሊግራም አካባቢ፣ ትንሽ ጭማሪ እንኳ በጥንቃቄ ከተለካ ይታያል። ጸሐፊው የተጠቀሙበት ላቦራቶሪ «ከ1 በታች» ብሎ ነው የመለሰላቸው። ከ1 በታች ማለት 0.2ም ሊሆን ይችላል፣ 0.9ም ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት ይደበቃል።

የድሮና የአሁን ልኬት ጎን ለጎን አስቀምጠው «ክሮሚየም ጨምሯል» ማለታቸውንም በአጭሩ ልንካ። የድሮው ልኬት ጭቃውን በናይትሪክ አሲድ ቀቅሎ የወጣውን የለካ ነው፤ የአሁኑ በኤክስሬይ ጠቅላላውን የለካ ነው። የባዛልት ክሮሚየም ከፊሉ ናይትሪክ አሲድ በማይደፍረው ማዕድን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል፤ ኤክስሬይ ግን እሱንም ይቆጥራል። አንዱ ያልቆጠረውን ሌላው ስለቆጠረ ጨመረ አይባልም።

ዓሣውስ? ጭቃ ውስጥ ስላለ ብረት ተነሥቶ ዓሣ አትብሉ ማለት ትልቅ ቃል ነው፤ በዚያ ዓሣ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው አለ። ክሮሚየም፣ ኒኬልና እርሳስ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ ዓሣ ሲሄዱ እየበዙ አይሄዱም። እየበዛ የሚሄደው ሜርኩሪ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ሲሆን ዓሣ በሚበላ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ጽሑፉ ደግሞ ሜርኩሪን አልለካም። ስለ ዓሣ ለመናገር የሚለካው የዓሣው ሥጋ ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለእርሳስ የሰጠው ጣሪያ በኪሎግራም 0.3 ሚሊግራም ነው። ቀረሶውን ለብቻ፣ ዓሣ በል የሆኑትን ለብቻ ለክቶ መናገር ይቻላል። ሳይለኩ ገበያ መዝጋት አይቻልም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ጭቃውን ዝቆ ማውጣት ነው። ሒሳቡን እናድርገው። 3,000 ስኩዌር ኪሎሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ብቻ ቢነሣ 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ 18 ሚሊዮን ጊዜ ከዚያ በላይ መመላለስ አለበት። የት ይደፋል? ማሳ ላይ? ከሁሉም የከፋው ግን፣ በጥልቁ ኦክስጅን በሌለበት ከሰልፈር ጋር ተጣብቆ የተኛው ብረት ሲገለበጥና ኦክስጅን ሲነካው ተፈትቶ ወደ ውሃ ይገባል። ዛሬ ተቀብሮ ያለውን ራሳችን ቆፍረን መልቀቃችን ነው። ሰነዱንም ማጥፋት ነው፤ የ17,000 ዓመት መዝገብ ላይኛውን ገጽ ቀድዶ መጣል።

ይልቅ መደረግ የሚችል ነገር እዚሁ አጠገባችን አለ። ከእንጅባራ ወጣ እንዳሉ ከአውራ ጎዳናው ዳር ዘንገና አለ። የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ወንዝ አይገባበትም፣ የሚያጥበው አፈር የራሱ ክብ ገደል ብቻ ነው። ነፋስ ታቹን አይደርስበትም። ፋብሪካም ከተማም አይፈስበትም። ስለዚህ ዘንገና ጭቃ ላይ የተመዘገበው ብረት ከራሱ ድንጋይ ውጪ ካለ፣ ከአየር የወረደ ነው፦ የቤንዚን እርሳስ፣ ከሩቅ የመጣ ሜርኩሪ። በዓለም ዙሪያ ሰው በማይደርስባቸው ሐይቆች ደለል ውስጥ ሜርኩሪ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ዘንገና ለምን ይለያል? ከዘንገና አንድ ቱቦ፣ ከጣና መካከል አንድ ቱቦ፣ ከባሕር ዳር ሰላጤ አንድ ቱቦ፣ ከግልገል ዓባይ አፍ ራቅ ብሎ አንድ ቱቦ፣ ሁሉም በእርሳስ-210 ዕድሜያቸው ተለክቶ፣ በአሉሚኒየም ተካፍለው፣ ከየራሳቸው የታችኛው ጭቃ ጋር ተነጻጽረው። ከዘንገና የተገኘው የአየሩ ድርሻ ነው፤ ጣና ላይ ከዚያ በላይ የተገኘው የከተማና የወንዝ ድርሻ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደጃፉ ጣና ነው፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ለዘንገና ቅርብ ነው። የሁለቱን ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ የሚያሰማራ ርዕስ ይህ ነው።

ጸሐፊውን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። የናሙናዎቹን ቦታ፣ ጥልቀት፣ የላቦራቶሪውን ሙሉ ወረቀት ይልቀቁልን። ወረቀቱ ላይ አሉሚኒየም ተለክቶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አብሮ ይለካልና። ካለ፣ ተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያካፍሉታል፣ ውጤቱንም እልክላቸዋለሁ።